ጀርባዬን ተይው

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ብሪታኒያ፣ ዌልስ ውስጥ፣ ከካርዲፍ ብዙም በማይርቅ ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጠዋት አስነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ አንድ የተዘጋ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነው። ወደ ጉድጓዱ የላኩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸውን ደግሞ በደንብ ያወቅኋቸው ገላቸውን ሳጥብ ነው። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

በልቤ «አባባ» ነው የምላቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላጥባቸው ስል ክንዳቸውን ሰጡኝ፣ ደረታቸውን ሰጡኝ። ወደ ጀርባቸው ስዞር ግን «ጀርባዬን ተይው» አሉኝ። ያፈሩ መሰለኝና ተውኩት። በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም፣ ጠየቅኋቸው።

አያታቸው ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። አባታቸውም። እሳቸውም ገና በልጅነታቸው ጉድጓድ ገብተዋል። በአባታቸው ዘመን ደግሞ ብዙ ቆፋሪ ጀርባውን አያስታጥብም ነበር፣ ውሃ ወገብ ያደክማል ይባል ነበር። «እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉኝ፣ «አባቴ ግን እንደዚያ ነበር።» ይህን ብለው ትንሽ ዝም አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

አከርካሪያቸውን ተከትሎ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር። ትከሻቸው ላይ ደግሞ አንድ ረዘም ያለ ሰማያዊ መስመር። በለሰለሰ ፎጣ ቀስ ብዬ አሸሁት፣ አይለቅም። እጄ ቆመ። አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት፣ ቀለሙ ልክ እንደዚህ ነበር። የእሷ በመርፌና በጥላሸት ተወግቶ ነው፣ ለውበት። የአባባ ደግሞ ድንጋይ ሲጭራቸው ቁስሉ ውስጥ የከሰል ብናኝ ይገባል፣ ሳይጸዳ ቁስሉ ይድናል፣ ብናኙ እዚያው ቆዳ ሥር ይቀራል። በዚያ አገር ማንም ሽማግሌ እጁ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ ካለው ምን ይሠራ እንደነበር መጠየቅ አያስፈልግም።

«ቢግ ፒት ሂጂ» አሉኝ ልብሳቸውን ሳለብሳቸው። «እኔ የምነግርሽ ምንም አይደለም። ሂጂና ውረጂ።»

ሄድኩ።

ቢግ ፒት ያለው ብላይናቮን የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ አጠገብ ነው። ስሙ «ትልቁ ጉድጓድ» ማለት ነው፣ በዌልስኛም ፑል ማውር ይሉታል፣ ያው ትልቁ ጉድጓድ። ይህን ስም ያገኘው በ1880 ገደማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የጉድጓዱ አፍ ሰፊ ስለነበረ ሁለት የፉርጎ መስመር ጎን ለጎን ይይዝ ነበር። በደጉ ጊዜ ከ1,000 በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1980 ተዘጋ። በ1983 ለጎብኚ ተከፈተ። በ2000 ዩኔስኮ ብላይናቮንንና ዙሪያዋን፣ የብረት ማቅለጫውንም ጉድጓዱንም አንድ ላይ፣ በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። አሁን የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም አካል ነው።

ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ የታየኝ የብረት ማማው ነው። ከላዩ መንኮራኩር አለው፣ በመንኮራኩሩ ላይ ወፍራም የሽቦ ገመድ ይዞራል፣ ገመዱ ሰው የሚያወጣና የሚያወርደውን ሳጥን ይይዛል። ዙሪያው ሜዳና ኮረብታ ነው። በግ ይግጣል። አንዳንዱ ኮረብታ ግን እግዜር የፈጠረው አይደለም፣ ከመሬት ሆድ የወጣ ጥራጊ ተከምሮ ሣር የበቀለበት ነው። ካልነገሩህ አታውቀውም።

ከመውረዳችን በፊት አስጎብኚያችን ኪሳችንን አስፈተሸን። ስልክ፣ ሰዓት፣ የመኪና ቁልፍ፣ ክብሪት፣ ላይተር፣ ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ ይቀራል። «ኮንትሮባንድ» ይሉታል። ለጎብኚ ሲባል የተፈጠረ ጨዋታ አይደለም። ቦታው ሙዚየም ቢሆንም በሕግ ፊት ዛሬም ማዕድን ማውጫ ነው፣ ከከሰል ውስጥ ሚቴን ጋዝ ይወጣል፣ ሚቴን ደግሞ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። ስልኬን ስሰጥ ራቁቴን የቀረሁ መሰለኝ። ከዚያ ሄልሜት፣ የግንባር መብራት፣ ወገብ ላይ የሚታጠቅ ሰፊ ቀበቶ ተሰጠን። በቀበቶው አንድ በኩል የመብራቱ ባትሪ ይንጠለጠላል፣ በሌላ በኩል አንዲት የብረት ሣጥን። ሁሉ አንድ ላይ አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ስለዚያች ሣጥን ልንገራችሁ። ጉድጓድ ውስጥ እሳት ወይም ፍንዳታ ሲነሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ሣጥኑን ከፍተህ አፍህ ላይ ታደርገዋለህ፣ ውስጡ ያለው ማጣሪያ መርዙን ያከሽፈዋል፣ አንድ ሰዓት ያህል እየተነፈስክ መውጫ ትፈልጋለህ። አስጎብኚው ይህን ሲያብራራ አጠገቤ ያሉት ጎብኚዎች አዲስ ነገር እንደሚሰሙ ነበር የሚያዳምጡት። እኔ ግን ይህን ጋዝ አውቀዋለሁ። ከሰል እያነደድን ያደግን ሰዎች ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ሆኜ በሐምሌ ብርድ ሠፈራችን ውስጥ ባልና ሚስት የከሰል ማንደጃ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኙ። ጠዋት በሩ ተሰብሮ ነው የተገኙት። ፊታቸው የተኛ ሰው ይመስል ነበር እያሉ እናቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «ከሰል አፈናቸው» ነው የተባለው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ እንቅልፍ መስሎ ይመጣል።

ቆፋሪዎቹ ደግሞ ካናሪ ወፍ ይዘው ይገቡ ነበር። ሐሳቡን ያመጣው ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል ሳይንቲስት ነው። ትንሽ ወፍ ከሰው ቀድማ ትደክማለች፣ ከቆመችበት እንጨት ላይ ስትወድቅ ሰውየው ይሮጣል። በብሪታኒያ ጉድጓዶች ካናሪ አገልግሎቷን የጨረሰችው በ1986 ነው። በ1986! እኔ ተወልጄ ነበር። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ወፎቹን ይወዷቸው እንደነበርም አስጎብኚው ነገረን፣ ያፏጩላቸው ነበር አለን።

ወረድን። 90 ሜትር። የብረት ሳጥን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆመናል፣ በሩ በሽቦ መረብ የተሠራ ነው፣ የጉድጓዱ ግድግዳ እየተንጠባጠበ ወደ ላይ ሲሄድ ይታያል። ማንም አላወራም። ከታች ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን ንፋስ ነው። እንደዚያ ይነፍሳል ብዬ አላሰብኩም። አየር እንዲዘዋወር በማሽን የሚገፋ ንፋስ ነው፣ በሮች እየተከፈቱና እየተዘጉ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይመሩታል። እግራችን ሥር ውሃ ይፈስሳል፣ ዝገት የመሰለ ቀለም አለው። ጣሪያው ዝቅ ይላል። ሄልሜቴ ስንት ጊዜ ከእንጨቱ ጋር እንደተጋጨ አልቆጠርኩትም። እኔ አጭር ነኝ፣ ረጃጅሞቹ ጎንበስ ብለው ነው የጨረሱት። ያን ጊዜ የአባባ አከርካሪ ትዝ አለኝ። እኛ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው የጎበጥነው።

አስጎብኚያችን ራሱ የቀድሞ ቆፋሪ ነው። የቢግ ፒት ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። የሚያስጎበኙት ጉድጓድ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ከመጽሐፍ አጥንቶ የመጣ ሰውና እጁ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ ያለው ሰው ስለ አንድ ድንጋይ ሲያወሩ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ቆመና በያዘው በትር ጣሪያውን መታ። ድምፁ ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቦታ መታ። ይሄኛው ቦሽ የሆነ ድምፅ አለው፣ እንደ ባዶ ገንቦ። «ይህን ከሰማሽ አትቆሚም» አለ። ገና ልጅ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ያስተማሩት ሰዎች ከሁሉ በፊት ጆሮውን ነው ያስተማሩት። ስለ እንጨት ምሰሶም እንዲሁ ነገረን። ብረት ጠንካራ ነው፣ ግን ዝም ብሎ ይሰበራል። እንጨት ግን ጭነት ሲበዛበት ይንጣጣል፣ ይናገራል፣ ለመሮጥ ጊዜ ይሰጥሃል። ስለዚህ ብዙ የድሮ ሰው እንጨት ይመርጥ ነበር። ይህንን የትኛው ማሽን ይነግረኛል? ማሽኑ እዚያው ቆሟል፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ተጠርጎ። ዝም ብሏል።

ከዚያ የአየር በሮቹ ጋ ደረስን። «መብራታችሁን አጥፉ» አለ።

አጠፋን።

ጨለማ አይቼ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋብን ነው ያደግነው፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ገጠር አድሬያለሁ። ያ ጨለማ አይደለም። ያኔ ዓይንህ ትንሽ ቆይቶ ይለምዳል፣ የበሩ ስንጥቅ ይታይሃል፣ ሰማዩ ከዛፉ ይለያል። እዚህ ዓይን አይለምድም። እጄን ፊቴ ላይ አመጣሁ፣ አፍንጫዬን እስክነካ እጄ የት እንዳለ አላወቅሁም። ከኋላዬ አንድ ሕፃን እናቱን ጠራ። ውሃው ይንጠባጠባል።

በዚያ ጨለማ ውስጥ አስጎብኚው ስለ በር ጠባቂ ልጆች ነገረን። ፉርጎ ሲመጣ በሩን የሚከፍት፣ ሲያልፍ የሚዘጋ ልጅ ያስፈልግ ነበር። አምስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት፣ ስምንት ዓመት። አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ብዙ ጊዜ ያለ መብራት፣ ምክንያቱም ሻማ ገንዘብ ያስወጣል። ቤት ከገባሁ በኋላ ስፈልግ ሣራ ጉደር የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ቃል አገኘሁ። እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ በር ጠባቂ ነበረች፣ የመንግሥት መርማሪዎች ጠይቀዋት የሰጠችው መልስ በ1842 በወጣው ሪፖርት ታትሟል። ሥራው አያደክመኝም አለች፣ ግን ያለ መብራት ስለሆነ እፈራለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት እገባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እወጣለሁ አለች። መብራት ሲኖረኝ አንዳንዴ እዘፍናለሁ፣ በጨለማ ግን አልዘፍንም፣ አልደፍርም አለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በዚያው ዓመት ፓርላማው ሴቶችና ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። አሥር ዓመት የሞላው ግን ይግባ ማለት ነው።

ከዚያ ጋጣውን አየን። ፈረሶች እዚያ ታች ይኖሩ ነበር፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ፉርጎ ይጎትታሉ። በየጋጣው ላይ የፈረሱ ስም ተጽፏል፣ በነጭ ተለስኗል ግድግዳው። በዓመት አንዴ ቆፋሪዎቹ ዕረፍት ሲወጡ እነሱም ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ፀሐይ ሲያዩ ሜዳው ላይ ይሯሯጡ እንደነበር፣ ተመልሰው ሲወርዱ ደግሞ መያዝ መከራ እንደነበር ነገረን። አባባም ስለ ፈረሳቸው ነግረውኛል። የሚስታቸውን የልደት ቀን ሲረሱ አይቻለሁ፣ የፈረሱን ስም ግን አልረሱም።

ወደ ላይ ከወጣን በኋላ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው። ሰዉ ስልኩን ለመቀበል ሲጋፋ እኔ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄድኩ። በ1939 የተሠራ ነው፣ እስካሁን ሎከሮቹና ሻወሮቹ አሉ። አንድ ወገን የንጹሕ ልብስ ሎከር፣ ሌላ ወገን የቆሸሸ ልብስ ሎከር፣ መሃሉ ሻወር። ሎከሮቹ ውስጥ ሙቅ አየር ስለሚገባ እርጥብ ልብስ እስከ ነገ ይደርቃል።

እዚህ ጋ ረጅም ሰዓት ቆየሁ፣ ምክንያቱም ይህ የእኔ ሥራ ነው። ማጠብ። ይህ መታጠቢያ ከመሠራቱ በፊት ያ ሁሉ ጥቁር የሆነ ሰው ቤቱ ነበር የሚታጠበው፣ ምድጃ ፊት ለፊት፣ የቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ። ውሃውን ማን ቀዳው? ማን አፈላው? ማን ተሸክሞ ደፋው? አንድ ቤት ውስጥ አባትና ሦስት ወንዶች ልጆች በተለያየ ፈረቃ ከሠሩ እናትየዋ ቀንም ሌሊትም ውሃ ስታሞቅ ነው። ልብሱን ደግሞ ግድግዳ ላይ መትታ ታራግፈዋለች፣ ብናኙን እሷም ትተነፍሰዋለች። ስለ ከሰል ሲወራ ሁልጊዜ የወንዶቹ ጡንቻ ነው የሚወራው። ሻወር ሲመጣ ከሁሉ በላይ ሸክም የቀለለላቸው ጉድጓድ ገብተው የማያውቁት ሴቶች ይመስሉኛል።

በ1913 ከደቡብ ዌልስ 57 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከሰል ወጥቷል፣ ከ230,000 በላይ ሰው ይሠራ ነበር። ከሰሉ በካርዲፍና በባሪ ወደቦች በመርከብ ይጫናል። በመርከቦቹ ሆድ ውስጥ ያንን ከሰል አካፋ ይዘው እሳት ውስጥ ሲወረውሩ ከነበሩት መሃል ብዙ ሶማሌዎችና የመኖች ነበሩ፣ ካርዲፍ ወደብ አጠገብ ታይገር ቤይ የሚባለው ሠፈር የነሱም ሠፈር ነው፣ ዛሬም የልጅ ልጆቻቸው እዚያ አሉ። ስለዚህ የዚህ ከሰል ታሪክ የእኛንም ጎረቤት ይነካል።

በዚያው በ1913፣ ኦክቶበር 14 ቀን ጠዋት፣ ሴንግሄኒድ የሚባል ቦታ ጉድጓድ ፈንድቶ 439 ቆፋሪዎችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞቱ። በብሪታኒያ ከዚያ የከፋ የማዕድን አደጋ የለም። ብዙዎቹን የገደለው ፍንዳታው ራሱ ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ የመጣው ያ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ፦ 24 ፓውንድ። ለ440 ሰው።

አበርፋን የሚባለውን መንደር ደግሞ አባባ ሲጠሩት ድምፃቸው ይቀየራል። ኦክቶበር 21 ቀን 1966፣ ከተራራ ላይ የተከመረ የከሰል ጥራጊ በዝናብ ውሃ ርሶ ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ፣ 116ቱ ሕፃናት ናቸው። ቀኑ አርብ ነበር፣ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ልጆቹ ክፍል መግባታቸው ነው። ከየጉድጓዱ ቆፋሪዎች አካፋቸውን ይዘው ወጥተው በእጃቸው ቆፈሩ። አባባም ቆፍረዋል። ምን እንዳገኙ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ የቀሩትን የጥራጊ ክምሮች ለማንሳት ሕዝብ ለሐዘንተኞቹ ካዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ። ያ ገንዘብ የተመለሰው በ1997 ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ትጠብቃላችሁ ይላል። ከሰል አየሩን አበላሸ፣ ሳንባ በላ፣ ሰው ጨረሰ፣ ይቅርና ይረሳ። የብሪታኒያ የመጨረሻው በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ራሱ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ተዘግቷል። እኔ ግን እንደሱ አላስብም። የሞተው ሰው ስም የት ይቀመጥ? አብዛኛው የተዘጋ ጉድጓድ አፉ ተደፍኖ፣ ማማው ተቆርጦ ለቁራሌው ተሸጦ፣ ዛሬ ቦታው ላይ ሱፐርማርኬት ወይም ሜዳ ነው። አልፈህ ትሄዳለህ፣ ከእግርህ በታች ስንት ሰው ዕድሜውን እንደጨረሰ አታውቅም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዌልስ የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ ታወር ይባላል። ባለቤቱ መንግሥት በ1994 ከዘጋው በኋላ ሠራተኞቹ ከሥራ ሲሰናበቱ ከተከፈላቸው ገንዘብ እያንዳንዳቸው 8,000 ፓውንድ አዋጥተው ገዙት፣ ከ1995 ጀምሮ ራሳቸው አስተዳደሩት፣ ከሰሉ እስኪያልቅ ድረስ፣ እስከ 2008። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ የሚያድግ ወጣት ዌልስ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጣሪያ መትቶ በድምፁ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነው የሚሄደው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ቢግ ፒት ውስጥ ማን ነው የሚያስጎበኘው? ያን ጊዜም ጥሩ ሰው ይኖራል፣ በደንብ ያጠና፣ በደንብ የሚያወራ። ግን እጁ ላይ ሰማያዊ መስመር አይኖርም።

ይህን የምለው ስለ ዌልስ ብቻ አስቤ አይደለም። አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነበር የሠራው። የብረት ማሽኖቹ ዛሬም እዚያው አሉ። አባቴ ማታ ሲገባ የእጁ ሽታ ቅባት ነበር፣ ሞተር ሲሠራ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይናገር ነበር ይሉታል ጓደኞቹ። እኔ አንድም ቀን እንዴት ነው የምትሰማው ብዬ አልጠየቅሁትም። ስልኬ ውስጥ የአባቴ ድምፅ ያለበት አንድ ቪዲዮ አለ፣ እሱም የሠርግ ነው፣ «ብሉ፣ ብሉ» ሲል ብቻ ነው የሚሰማው። አባትና እናታችሁ በሕይወት ካሉ፣ ፋብሪካ ሠርተው፣ ባቡር ነድተው፣ ሸማ ሠርተው ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና ስለ ሥራቸው አስወሯቸው። ስለ ፖለቲካው ሌላ ጊዜ። ስለ እጃቸው ጠይቋቸው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ታች የሚወርደው ጉብኝት በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ያለበለዚያ ተራራ ድረስ ሄዳችሁ ላዩን ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ወፍራም ልብስ ልበሱ፣ ታች በበጋም ይበርዳል። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ።

ሰኞ ሥራ ስገባ አባባ እየጠበቁኝ ነበር። ስለ ጨለማው ልነግራቸው፣ ስለ ጋጣው ልነግራቸው ቸኩያለሁ። እሳቸው ግን ገና ሳልቀመጥ «ማን ነው ያስጎበኘሽ?» አሉኝ።

ስሙን ነገርኳቸው።

«የየትኛው ጉድጓድ ሰው ነው?»

አልጠየቅሁትም። ያን ሁሉ ጊዜ አብሬው ቆይቼ፣ ጠባሳውን አይቼ፣ የየት ነህ አላልኩትም። አባባ አልተቆጡም፣ ግን ቅር ብሏቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የአገሬ ሰው ይመስሉኛል አንዳንዴ። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ሳይባል ጨዋታ እንደማይጀመር።

በሚቀጥለው ዕረፍቴ እንደገና ሄድኩ። ያው ሰውዬ በር ላይ ነበር፣ ሌላ ቡድን ሊያወርድ ቀበቶ እያስታጠቀ። አስታወሰኝ። የየትኛው ጉድጓድ ነህ አልኩት። ነገረኝ። የአባቱንም ነገረኝ፣ አባቱም እዚያው ነበር የሠራው። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፣ የዌልስኛ ፊደል እንዳልሳሳት።

ወረቀቱን ለአባባ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስመጡኝ፣ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ።

«አባቱን አውቀዋለሁ» አሉ።

ከዚያ ስለዚያ ሰው ማውራት ጀመሩ። እንዴት እንደሚዘፍን፣ ዳቦውን ከማን ጋር ይካፈል እንደነበር፣ አንድ ቀን ጣሪያ ሲናድ ማንን በእግሩ ጎትቶ እንዳወጣ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። ሌላ አፍልቼ አመጣሁላቸው፣ እሱም ቀዘቀዘ።